አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለመከራየትም ለመግዛትም፦ ብሩ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት የሚሠሩ ሥራዎች

ስለ አዲስ አበባ ቤት ዋጋ ሲወራ የሚጠራው አንድ ቁጥር ነው፤ ወይ የወሩ ኪራይ፣ ወይ የካሬው ዋጋ። ሰውን ኪሳራ ውስጥ የሚከተው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያልተጠራው ሒሳብ ነው። የሁለት ታክሲ መንገድ፣ የማይወጣ ውሃ፣ በባለቤቱ ስም ያልሆነ ካርታ፣ ሽያጩን የማታውቅ የሻጭ ሚስት፣ ከፍርድ ቤት የመጣ እግድ። እዚህ የተጻፈው እነዚህን አስቀድሞ መያዣ መንገድ ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ ከተማው ውስጥ የሚሰማው አብዛኛው የቤት ጭቅጭቅ የሚጀምረው ገንዘብ ቀድሞ ወረቀት ከኋላ ሲከተል ነው።

የኪራዩን ትክክለኛ ዋጋ ማውጣት

ደላላ ጋር ከመደወላችሁ በፊት ወረቀት አውጡና ለአንድ ወር ቤቱ በድምሩ የሚወስደውን ጻፉ፦ ኪራይ፣ መብራት፣ ውሃ፣ የጥበቃና የጽዳት መዋጮ፣ ትራንስፖርት። ከኪራዩ ቀጥሎ ትልቁ ቁጥር ትራንስፖርት ነው፤ ግን ብዙ ሰው ከቤት ወጪ ጋር አይደምረውም።

በምሳሌ እንየው። መገናኛ አካባቢ አንድ ቤት በ25,000 ብር፣ ቱሉ ዲምቱ ተመሳሳይ ቤት በ18,000 ብር ተገኘ እንበል። ልዩነቱ 7,000 ብር ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም ካዛንቺስ የሚሠሩ ከሆነና ከቱሉ ዲምቱ ሲመጡ እያንዳንዳቸው በአንድ አቅጣጫ ሁለት ተጨማሪ ታክሲ የሚይዙ ከሆነ፣ 2 ሰው × 2 አቅጣጫ × 2 ታክሲ × 26 የሥራ ቀን 208 ተጨማሪ ጉዞ ይሆናል። አንዱን በ20 ብር ብናስበው 4,160 ብር ነው። የቀረው ልዩነት 2,840 ብር ብቻ ሆነ፤ ማታ ታክሲ ጠፍቶ ራይድ የተጠራ ጊዜ ደግሞ እሱም ያልቃል። ልጅ ትምህርት ቤት የሚመላለስበት ሰርቪስ ካለ አብሮ ይደመር። ይህ ማለት ሩቅ ቤት ሁልጊዜ አያዋጣም ማለት አይደለም፤ ሥራው ቃሊቲ ለሆነ ሰው ቱሉ ዲምቱ ቅርብ ነው። የታክሲውን ታሪፍ በራሳችሁ መንገድ ተኩና አስሉት።

ሁለተኛው ወረቀት የመግቢያ ቀን ገንዘብ ነው። በ18,000 ብር ቤት የሁለት ወር ቅድሚያ 36,000 ብር ነው። በላዩ የደላላ፣ የመኪና (ዕቃ ለሞላው ቤት አይሱዙ፣ ለትንሽ ዕቃ ፒክአፕ)፣ የጫኝና አውራጅ፣ የመጋረጃ፣ የቁልፍ መቀየሪያ፣ የውሃ ማጠራቀሚያ አለ። ከኪራዩ የሦስት ወር ያህል ገንዘብ ሳይያዝ ፍለጋ መጀመር ጊዜ ማባከን ነው። ጫኝና አውራጆችን በተመለከተ ዋጋውን ዕቃው መኪና ላይ ሳለ አትነጋገሩ። ከአንድ ቀን በፊት ወደ አዲሱ ሰፈር ሄዳችሁ ከሰፈሩ የጫኝና አውራጅ ማኅበር ልጆች ጋር ተስማሙ፤ ፍሪጅ፣ ቁም ሣጥንና አልጋ ስንት እንደሆነ፣ ቤቱ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ተናገሩ። አራተኛ ፎቅ መሆኑ ዕቃው ከደረሰ በኋላ ከተነገረ ዋጋው እንደ አዲስ ይጀመራል።

ፍለጋው

ከሐምሌ እስከ መስከረም ልጅ ያለው ቤተሰብ ሁሉ ትምህርት ሳይከፈት ለመግባት ስለሚሯሯጥ ፉክክሩ ይበረታል። መምረጥ የምትችሉ ከሆነ ከጥቅምት በኋላ ፈልጉ።

በቴሌግራም የሚወጣ ቤት ፎቶው ንጹሕ፣ ዋጋው ከሰፈሩ በጣም ያነሰ ከሆነና «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው፣ ቀብድ በቴሌብር ላኩ» ከተባለ እዚያው ተዉት። ገብታችሁ ላላያችሁት ቤት፣ መታወቂያውን ላላያችሁት ሰው አንድ ብር አይላክም። ደላላ ቤት ለማሳየት ብቻ ገንዘብ ከጠየቀም አትስማሙ። ኮሚሽኑን ግን ቤቱን ከማየታችሁ በፊት በብር ቁጥር ተስማሙ፤ «በልማዱ ነው» የሚለው መልስ ውል ከተፈረመ በኋላ የልማዱን ትርጉም ደላላው ብቻ እንዲያውቀው ያደርጋል። ሁለት ደላሎች በአንድ ቤት ላይ ከገቡ ደግሞ ለማን እንደምትከፍሉ አስቀድማችሁ አስታውቁ፤ በር ላይ የሚነሣው ጠብ ከዚህ ይመጣል።

የኮንዶሚኒየም ሳይት ላይ ጥሩው መንገድ በእግር መሄድ ነው። የብሎኩ ጥበቃና ምድር ላይ ያለው ሱቅ ማን ሊወጣ እንደሆነ ከደላላው ቀድመው ያውቃሉ።

ቤቱን ማየት

አንድ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ታይቶ ቀብድ የተከፈለበት ቤት ብዙ ጊዜ ያስቆጫል። ቢያንስ ሁለቴ ሂዱ፤ አንዱ ማታ ይሁን። ማታ ምን ያህል ጨለማ እንደሆነ፣ ከታች ግሮሰሪ ካለ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያስጮህ፣ ታክሲ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚገኝ ይታወቃል።

ውሃው ላይ ረጅም ጊዜ ውሰዱ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቤትን ከቤት የሚለየው እሱ ነው። አብዛኛው ሰፈር በፈረቃ ነው የሚያገኘው። የምትጠይቁት ለአከራዩ ሳይሆን ለጎረቤት ነው፦ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? በቀን ወይስ በሌሊት? እናንተ ወለል ድረስ በራሱ ግፊት ይወጣል ወይስ በፓምፕ ነው? ፓምፕ ካለ መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ሊፍት የሌለው ጂ ፕላስ 4 ኮንዶሚኒየም ላይ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ኪራዩ የሚቀንሰው በደረጃው ብቻ አይደለም፤ ግፊቱ ሲደክም ውሃው መጀመሪያ የሚቀረው እዚያ ነው።

ከዚያ አስሉ። አራት ሰው ያለበት ቤት በቁጠባ በሰው 50 ሊትር ቢጠቀም በቀን 200 ሊትር ነው። 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ለአምስት ቀን ይበቃል። ፈረቃው በሳምንት አንዴ ከሆነ ወይም ሮቶው ከሌላ ተከራይ ጋር የጋራ ከሆነ አይበቃም፤ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን በሰው ማስቀዳት የወር ወጪ ሆኖ ይመጣል። ሮቶው የማን እንደሆነ፣ ስንት ቤት እንደሚጠቀምበት በዓይናችሁ እዩ።

መብራት ላይ ቆጣሪው የግል ነው የጋራ? ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋው ከፍ እያለ የሚሄድ ስለሆነ፣ ሦስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም በከፍተኛው እርከን ይከፍላል። የጋራ ከሆነ ሒሳቡ በሰው ነው በቤት የሚካፈለው የሚለው ውል ውስጥ ይግባ። ካርድ ቆጣሪ ከሆነ ካርዱ ከማን እጅ እንዳለ ጠይቁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል ስለሚስብ የራሱ መስመርና ማቋረጫ ያስፈልገዋል፤ በስቱዲዮ ውስጥ በተራ ሶኬት ላይ እየጋገረ የነበረ ተከራይ ካለ ሶኬቱ ጠቁሮ ታገኙታላችሁ። የጋራ ማብሰያ ያለበት ሳይት ከሆነ ማብሰያው አሁንም ለማብሰያ እየዋለ ነው ወይስ ተከራይቷል የሚለውንም ተመልከቱ።

ምድር ቤት ከሆነ የመጸዳጃውን የወለል ማፍሰሻ አሽትቱ፣ በሕንፃው ጎን ያለውን የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ዙሪያ እዩ። ላይኛው ፎቅ የሚጥለው ጨርቅና ቅባት የሚዘጋውና የሚመለሰው ከታች ያለው ቤት ላይ ነው። ጣሪያው ላይ ከመታጠቢያ ቤት በላይ ቢጫ ክብ ካለ ከላይ ያለው ጎረቤት ቧንቧ ያፈስሳል፤ አዲስ ቀለም በዚያ ቦታ ብቻ ተቀብቶ ካያችሁም ያው ነው።

የኪራይ ውል

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ የተከራዩ አቋም ከቀድሞው የተሻለ ነው፤ ያም ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ከተመዘገበ ብቻ። ልታውቋቸው የሚገቡት ነጥቦች፦

- ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። አዲስ አበባ ውስጥ ምዝገባው የሚካሄደው ቤቱ ባለበት ወረዳ ነው።
- የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም።
- አከራዩ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መጠየቅ አይችልም።
- ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው።
- ጭማሪ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አይደረግም፤ መጠኑም ተቆጣጣሪው አካል ከሚያወጣው ጣሪያ አያልፍም።

በወረቀቱና በመንደሩ መካከል ያለው ክፍተት ግን ይታወቃል። በጣም የተለመደው «ውሉ ላይ 10,000 እንጻፍ፣ እናንተ 18,000 ትከፍላላችሁ፣ 8,000ውን በእጅ» የሚለው ነው። አከራዩ ይህን የሚፈልገው የኪራይ ገቢ ግብሩን ለመቀነስ ነው። ለተከራዩ ምንም ትርፍ የለውም፤ ከሕግ ውጭ ከመሆኑ ሌላ በእጅ የሰጣችሁት 8,000 ብር ማስረጃ የለውም፤ አከራዩ ነገ «ያልከፈለኝ አለ» ወይም «ወደ 22,000 ከፍ አድርጉ» ቢል የምትቆሙበት ወረቀት የላችሁም። ሙሉው ዋጋ ይጻፍ የሚል ተከራይ ቤቱን የሚያጣበት ጊዜ አለ፤ ቢያጣውም ይሻለዋል የሚል አቋም አለን።

ከፊርማው በፊት አከራዩ የቤቱ ባለቤት መሆኑን አረጋግጡ። ካርታውን ወይም የኮንዶሚኒየሙን የባለቤትነት ማስረጃ ከመታወቂያው ስም ጋር አስተያዩ። ወኪል ከሆነ ውክልናው ማከራየትንና ኪራይ መቀበልን በግልጽ ማካተቱን አንብቡ። የባለቤቱ ወንድም፣ አክስት ወይም «እኔ ነኝ የምጠብቀው» የሚል ሰው ወረቀት ከሌለው አከራይ ሊሆን አይችልም። ራሱ ተከራይ ሆኖ ለሌላ የሚያከራይ ሰው ሲያጋጥም ባለቤቱ በጽሑፍ መስማማት አለበት፤ አለበለዚያ ባለቤቱ በመጣ ቀን ሁለታችሁም ትወጣላችሁ።

ውሉ ውስጥ እነዚህ በቁጥር ይግቡ፦ የክፍሎቹ ብዛት፣ የወለሉና የቤቱ ቁጥር፣ የወሩ ኪራይና የመክፈያው ቀን፣ የባንክ ሒሳቡ ባለቤት ስም፣ የተከፈለው ቅድሚያ ለየትኞቹ ወራት እንደሆነ ወይም መያዣ መሆኑ፣ የጥገናው ድርሻ (አምፖልና ቧንቧ መክፈቻ የተከራይ፣ የግድግዳ ውስጥ ቧንቧና ዋና መስመር የአከራይ)፣ የውሃና የመብራት አከፋፈል፣ ቤቱ ቢሸጥ ምን እንደሚሆን፣ ሲወጡ መያዣው በስንት ቀን እንደሚመለስ። «ቅድሚያ» እና «መያዣ» የሚሉት ሳይለዩ ከቀሩ በመጨረሻው ወር ኪራይ ላይ መጣላት አይቀርም።

በመግቢያው ቀን የርክክብ ወረቀት ሙሉ፦ የቆጣሪዎቹ ንባብ፣ የቁልፎቹ ብዛት፣ የተሰበረ ንጣፍ፣ የተሰነጠቀ መስታወት፣ የጎደለ ማጠቢያ። ፎቶ አንሡና ለአከራዩ በዚያው ቀን በስልክ ላኩለት፤ ቀኑ ራሱ ማስረጃ ይሆናል። በየወሩ ስታስተላልፉ ምክንያት መጻፊያው ላይ «የኅዳር ወር 2018 ኪራይ» ብላችሁ ሙሉ። ባዶ የሆነ ዝውውር በክርክር ጊዜ ብድር ነበር ሊባል ይችላል።

ለመግዛት ሲታሰብ፦ የብድሩ ሒሳብ

በባንክ ብድር መግዛት ከኪራይ ይልቅ ያዋጣል የሚለውን ሳታሰሉ አትቀበሉ። ለምሳሌ 4 ሚሊዮን ብር በ18 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት ቢወሰድ ወርኃዊው ክፍያ 61,700 ብር ገደማ ነው። የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻ 60,000 ብር ስለሆነ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 1,700 ብር ያህል ነው። በ20 ዓመት የሚከፈለው ድምር ወደ 14.8 ሚሊዮን ይደርሳል።

ይኸው ብድር በ15 ዓመት ቢሆን ወርኃዊው 64,400 ብር ገደማ ነው። በወር 2,700 ብር ብቻ ተጨምሮ ድምሩ ወደ 11.6 ሚሊዮን ይወርዳል፤ 3.2 ሚሊዮን ብር ልዩነት። ስለዚህ ባንክ ሄዳችሁ የምትጠይቁት ወለዱን ብቻ አይሁን። ጊዜው ስንት ነው? ከጊዜ በፊት ዋናውን ዕዳ መክፈል ቅጣት አለው ወይ? ወለዱ ተለዋዋጭ ነው? የቤቱ ግመታ በማን ይሠራል፣ ወጪው የማን ነው? የመድን ክፍያውስ? ብድሩ በባንኩ ግመታ ላይ እንጂ ሻጩ በጠራው ዋጋ ላይ አይሰላም፤ ሻጩ 8 ሚሊዮን ያለውን ቤት ባንኩ 5 ሚሊዮን ቢገምተው ልዩነቱ ከኪሳችሁ ነው። ብዙ ግዢ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ባንኩን አነጋግሩ። ከንግድ ባንክና ከሌሎቹ በተጨማሪ ለቤት ብድር ተብሎ የተቋቋመው ጎህ ቤቶች ባንክም አለ፤ ቢያንስ ሦስት ቦታ አወዳድሩ።

አንድ ፈጣን መለኪያ፦ የቤቱን ዋጋ ለዓመት ኪራዩ አካፍሉ። 8 ሚሊዮን ብር የሚጠራበት ቤት በወር 25,000 ብር የሚከራይ ከሆነ የዓመት ኪራዩ 300,000 ነው፤ ዋጋው የ26 ዓመት ተኩል ኪራይ ያህል ሆነ። እንዲህ ባለ ቤት ላይ አብዛኛውን ዋጋ በ18 በመቶ ተበድሮ መግዛት ከባድ ነው፤ ከግማሽ በላዩን በእጁ የያዘ ሰው ግን በገንዘብ ዋጋ መውደቅ ምክንያት ሌላ ሒሳብ ይኖረዋል።

ያለቀ ቤት መግዛት፣ በቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ወረቀት። ከሻጩ የካርታውን፣ የመታወቂያውን፣ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃውን ቅጂ ውሰዱ። በቤተሰብ ሕጉ የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት አንዱ ተጋቢ ያለ ሌላው ስምምነት መሸጥ አይችልም። ካርታው በባል ስም ብቻ መሆኑ ቤቱን የግሉ አያደርገውም። የተፋታ ከሆነ የንብረት ክፍፍሉን ውሳኔ፣ በውርስ ያገኘው ከሆነ የወራሽነት ማረጋገጫውን ጠይቁ፤ ወራሾቹ አምስት ከሆኑ አምስቱም ይፈርማሉ። ውጭ አገር ያለችው እህት «ትስማማለች» ተብሎ አይታለፍም።

ሁለተኛ፣ መሬት አስተዳደር። ከሻጩ ጋር አብራችሁ ወደ ክፍለ ከተማው ሂዱና ይዞታው ከዕዳና ከእግድ ነፃ መሆኑ በጽሑፍ ይረጋገጥ። በባንክ ተይዟል? የፍርድ ቤት እግድ አለበት? የሊዝ ቀሪ ክፍያ አለው? የጣሪያና ግድግዳ ግብር እስከ ዘንድሮ ተከፍሏል? ካርታው ላይ ያለው ካሬና መሬት ላይ ያለው አጥር ይገናኛሉ? በፕላኑ ላይ መንገድ ወይም መልሶ ማልማት የሚነካው መሆኑንም አጣሩ፤ የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ ይህ ጥያቄ የሚዘለል አይደለም። ሻጩ «እኔ አምጥቼ አሳያችኋለሁ» ካለ እናንተም አብራችሁ ግቡ።

ሦስተኛ፣ ቀብድ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ትልቅ ቀብድ ገዢውንም ያስራል። መጠኑን ትንሽ አድርጉ፣ በባንክ ክፈሉ፣ በጽሑፍና በምስክሮች ፊት አድርጉት፤ «ከመሬት አስተዳደር ዕዳ ወይም እግድ ቢገኝ፣ ወይም የባንክ ብድሩ ባይፈቀድ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል ዐረፍተ ነገር አስገቡ። ይህች አንዲት መስመር ከመላው ውል በላይ ታድናለች።

አራተኛ፣ ዋናው ውል። በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መደረግ አለበት፤ በተግባር የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ማለት ነው። ሰፈር ውስጥ ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ውል ለዚህ አይተካም። ሻጭም የትዳር ጓደኛውም በአካል ይቅረቡ። ገንዘቡ በሲፒኦ (ባንኩ ክፍያውን ባረጋገጠበት የክፍያ ትእዛዝ) ተሠርቶ በእጃችሁ ይኑር፤ ፊርማው ሳያልቅ አይተላለፍ። ከዋጋው 10 በመቶ ያህሉ ስም ዞሮ ካርታው በእናንተ ስም እስኪወጣና የመብራትና የውሃ ዕዳው እስኪጣራ ድረስ እንዲቆይ ተደራደሩ። የሚስማማ ሻጭ ብዙ ነው፤ የማይስማማው ደግሞ ቢያንስ የሚያዛውረው ወረቀት ላይ ምን እንደጎደለ እንድትጠይቁ ያደርጋችኋል።

አምስተኛ፣ ስም ማዛወርና ወጪው። የቴምብር ቀረጡ ከንብረቱ ግምት 2 በመቶ ነው፤ በላዩ የስም ማዛወሪያ ክፍያዎች ይመጣሉ። ሻጭ ላይ የሚወድቅ የካፒታል ዋጋ ዕድገት ግብርም አለ፤ ገበያው ላይ ግን ብዙ ሻጭ «እኔ የተጣራ ነው የምፈልገው» ስለሚል ወጪው ወደ ገዢ ይዞራል። ማን ምን እንደሚከፍል ውሉ ውስጥ ስም በስም ይጻፍ። የደላላውም እንዲሁ፤ በልማድ ከሽያጩ 2 በመቶ ይጠየቃል፣ ግን ይደራደሩበታል።

እዚህም የውል ዋጋን ዝቅ አድርጎ መጻፍ የሚባለው ነገር ይመጣል። ከሕጉ ጥሰት ባሻገር ሦስት ጉዳት አለው። ውሉ ቢፈርስ በማስረጃ የምታስመልሱት የተጻፈውን ብቻ ነው። ቀረጡንና ግብሩን የሚያሰላው መሥሪያ ቤት የራሱን ግምት ስለሚይዝ የታሰበው ቁጠባም ላይገኝ ይችላል። ነገ እናንተ ስትሸጡ ደግሞ የገዛችሁበት ዋጋ ትንሽ ሆኖ ስለሚታይ ትርፋችሁ ገዝፎ ግብሩ እናንተው ላይ ይወርዳል።

የኮንዶሚኒየም ልዩ ጉዳይ

በዕጣ የሚተላለፉትን የ20/80 እና የ40/60 ቤቶች (ባለ ዕጣው 20 ወይም 40 በመቶውን ቆጥቦ ቀሪውን በባንክ ብድር የሚከፍልባቸው የመንግሥት ኮንዶሚኒየሞች) ለአምስት ዓመት መሸጥ አይፈቀድም። ገበያው ግን ይህን በወረቀት ዘዴ ይሻገራል፤ ሻጩ ለገዢው ሙሉ ውክልና ይሰጣል፣ በጎን የብድር ውል ይፈረማል፣ አንዳንዴ ኑዛዜ ይጨመራል። ዋጋው የሚረክሰው በዚህ ምክንያት ነው። ውክልና ሰጪው በማንኛውም ቀን ሊሽረው ይችላል፤ ከሞተም ውክልናው ያበቃል፣ ወራሾቹ ይመጣሉ። ብድሩ ደግሞ ሐሰተኛ መሆኑ በፍርድ ቤት ሊረጋገጥ ይችላል። አምስት ዓመቱ ያለቀ ቤት ፈልጉ፤ ያላለቀውን በርካሽ ያገኘ ሰው ያገኘው ቤት ሳይሆን የሰው ቃል ነው።

ጊዜው ያለቀም ቢሆን ቤቱ የባንክ ቀሪ ዕዳ ካለበት ባንኩ ሳያውቅ አይዞርም። ቀሪውን ዕዳ በቀኑ ከባንኩ በጽሑፍ አውጡ፣ ከዋጋው ላይ ቀንሱና በቀጥታ ለባንኩ ክፈሉ፤ ለሻጩ ሰጥታችሁ «ይከፍላል» አትበሉ።

ገና ከሚገነባ ሪል እስቴት መግዛት

ብሮሹሩን አስቀምጡና አራት ወረቀት ጠይቁ፦ መሬቱ በድርጅቱ ስም የሆነበት ካርታ፣ የወለሉን ብዛት የሚያሳይ የግንባታ ፈቃድ፣ መሬቱ በባንክ መያዙን ወይም አለመያዙን የሚያሳይ ማስረጃ፣ የሚፈረመው ውል ሙሉ ቅጂ። ፈቃዱ ለ9 ወለል ሆኖ 12ኛ ፎቅ የሚሸጥላችሁ ከሆነ የገዛችሁት አየር ነው። በ2017 የወጣውን የሪል እስቴት ልማትና ግብይት አዋጅም ለጠበቃችሁ አሳዩና ውሉን ከእሱ ጋር አስተያዩ፤ የምትከፍሉት ገንዘብ በዝግ ሒሳብ (ድርጅቱ እንደፈለገ በማያወጣው ሒሳብ) ይገባል ወይ የሚለውን በጽሑፍ አስመልሱ።

ካሬው ላይ ተጠንቀቁ። 120 ካሬ በ100,000 ብር ቢባል 12 ሚሊዮን ነው። ግን 120ው ደረጃውን፣ ሊፍቱንና ኮሪደሩን የደመረ ጠቅላላ ስፋት ከሆነና በር ከዘጋችሁ በኋላ ያለው 92 ካሬ ብቻ ከሆነ፣ የምትኖሩበትን ካሬ የገዛችሁት በ130,400 ብር ገደማ ነው። ሁለት ድርጅት የምታወዳድሩት በተጣራው ካሬ ብቻ ነው። የመኪና ማቆሚያው በዋጋው ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው የሚሉትንም ጨምሩ።

ክፍያው ከቀን ጋር ሳይሆን ከግንባታው ጋር ይታሰር። ለመደራደሪያ የሚሆን አከፋፈል፦ ሲፈረም 20 በመቶ፣ መሠረቱ ሲያልቅ 15፣ አጽሙ (የኮንክሪቱ ምሰሶና ወለል) የእናንተ ወለል ላይ ሲደርስ 20፣ አጽሙ በሙሉ ሲያልቅ 15፣ የግድግዳና የልስን ሥራ ሲያልቅ 10፣ ማጠናቀቂያው ሲገባ 10፣ ርክክብና ካርታ ላይ 10። ቅናሽ ተሰጥቶ ሁሉንም አስቀድሞ መክፈል ያጓጓል፤ ድርጅቱ ቢዘገይ ግን የምትይዙት ምንም አይኖርም።

የዋጋ ማስተካከያ አንቀጹን ሁለት ጊዜ አንብቡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ዋጋው ከዶላር ወይም «ከግንባታ ዕቃ ገበያ» ጋር ያለ ጣሪያ የተያያዘ ውል እንዲህ ባለ ጊዜ ገዢውን ከቤቱ ያስወጣል። ወይ ቁርጥ ዋጋ፣ ወይ ጣሪያው በመቶኛ የተጻፈ ጭማሪ ይሁን። «ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት» የሚለው ዝርዝር ውስጥ የሲሚንቶ እጥረትና የውጭ ምንዛሪ ከገቡም አስወጡ፤ እነሱ ዝርዝሩ ውስጥ ካሉ የመዘግየት ቅጣቱ ፈጽሞ አይሠራም። የመዘግየት ቅጣት ደግሞ በወር ስንት ተብሎ ካልተጻፈ የለም ማለት ነው።

«ሴሚ ፊኒሽድ» (በከፊል የተጠናቀቀ) እና «ፉል ፊኒሽድ» (ሙሉ በሙሉ የተጠናቀቀ) የየድርጅቱ ትርጉም አላቸው። የወለል ንጣፍ ዓይነትና ውፍረት፣ የኩሽና ካቢኔት፣ የውስጥ በሮች፣ የመታጠቢያ ዕቃዎች፣ የመብራት ማብሪያዎች አንድ በአንድ በአባሪ ይዘርዘሩ። ጄኔሬተሩ ሊፍቱንና ፓምፑን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው ወይስ ቤቶቹንም? የከርሰ ምድር ታንከሩ ስንት ሺህ ሊትር ነው? ወርኃዊ የአስተዳደር መዋጮው ስንት ይሆናል? ሽያጭ ክፍል ያለችው ልጅ በቃል የመለሰችው ውል አይደለም፤ በኢሜይል አስመልሷት።

ውጭ ላለ ገዢ

ቢጫ ካርድ ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ቤት በስሙ መያዝ ይችላል። ውክልና የሚሰጠው በሚኖርበት አገር ባለው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተረጋግጦ ነው፤ አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ ያልፋል። ውክልናውን ለሥራው ብቻ ጥበቡት፤ «በእኔ ስም ቤት እንዲገዛ፣ ውል እንዲፈርም፣ ስም እንዲያዛውር» ይበቃል። መሸጥና መለወጥ ከተጨመረበት ወኪሉ የገዛውን ቤት መልሶ ሊሸጠው ይችላል። ገንዘቡንም በወኪሉ ሒሳብ ከማሳለፍ ይልቅ በገዢው ስም ከተከፈተ ሒሳብ ሲፒኦ በሻጭ ስም ይሠራ። ግዢው ሲያልቅ ውክልናውን ሻሩ።

ካርታው በስማችሁ ከወጣ በኋላ ሦስት ነገር ይቀራል። የመብራቱን ውል ከኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ የውሃውን ከውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ወደ ስማችሁ አዙሩ፤ ከዚህ በፊት የነበረው ባለቤት ያልከፈለው ካለ የሚወጣው ያኔ ነው፣ የያዛችሁት 10 በመቶም ለዚሁ ይጠቅማል። የበሩን ሲሊንደር ቀይሩ። የጋራ ሕንፃ ከሆነ የነዋሪ ማኅበሩ መዝገብ ላይ ስማችሁን አስመዝግቡና ያለፉት ወራት መዋጮ ስለመከፈሉ ደረሰኝ ከማኅበሩ ውሰዱ።